ብሎጋችሁ የናንተ መሆኑን ለፒንተረስት እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

"ይሄ ብሎግ የኔ ነው" ማለት ለማንም ይቀላል። ሰዎች ከየድረ ገጹ የወደዱትን ምስል እየለቀሙ የሚያስቀምጡበት ፒንተረስት ግን በአፍ አያምንም። አንድ ኮድ ይሰጣችሁና ብሎጋችሁ ውስጥ እንድታስገቡት ይጠይቃል። ብሎጉን ከውስጥ መክፈት የሚችለው ቁልፉ ያለው ሰው ነዋ! ኮዱ እዚያ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ከብሎጋችሁ የሚወስዷቸው ፒኖች (ፒንተረስት ላይ የሚቀመጡ ምስሎች) ላይ ስማችሁ ይታያል፤ ምን ያህል ሰው እንዳያቸውም መከታተል ትችላላችሁ።

መጀመሪያ አካውንታችሁን ወደ ቢዝነስ ቀይሩት፤ ነፃ ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ድረ ገጽ የሚገናኝበትን ቦታ ክፈቱ። ሦስት አማራጭ ይመጣል፦ የኤችቲኤምኤል ታግ፣ ሰርቨር ላይ የሚጫን ፋይል፣ ወይም ዲኤንኤስ ላይ የሚጨመር የቲኤክስቲ መዝገብ። የኋለኞቹ ሁለቱ ሰርቨር ወይም የራሳቸው ዶሜን ላላቸው ነው። ለብዙዎቻችን ታጉ ይበቃል።

ታጉ "ሜታ" ብሎ የሚጀምር አንድ መስመር ነው። ኮፒ አድርጉት። ብሎገር የሚባለውን የጉግል ብሎግ አገልግሎት የምትጠቀሙ ከሆነ ቲም (የብሎጉ መልክ የሚዘጋጅበት ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ ኤዲት ኤችቲኤምኤልን ክፈቱ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ግን ቲሙን ባክአፕ አድርጉ። ከላይ አካባቢ "ሄድ" (head) የሚለውን መክፈቻ ፈልጉና ልክ ከሥሩ ፔስት አድርጉት። "ቦዲ" ከሚለው በታች ከገባ አይሠራም። ብሎገር አንድ ጸባይ አለው፦ ያልተዘጋ ታግ አይቀበልም። ሴቭ አልል ካላችሁ የመስመሩን መጨረሻ እዩ። ከ > በፊት / ከሌለች ጨምሩባት።

ወርድፕረስ ላይ ዮስት ኤስኢኦ የሚባለው ፕለጊን (ብሎጉ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ካላችሁ ለፒንተረስት የተዘጋጀ ሣጥን አለው። ኮዱን እዚያ ማስገባት ብቻ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ኮዱን "ለማንኛውም ይቀመጥ" ብዬ መጀመሪያ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ አንስቼ ብሎጉ ውስጥ ሳስገባው ግማሽ ቀን አልሠራ ብሎ አደረቀኝ። ለካ ፕሮግራሙ ቀጥ ያሉትን የጥቅስ ምልክቶች አጉብጧቸዋል! ለዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ምልክት ነው። ስለዚህ ኮዱን ከፒንተረስት በቀጥታ ወደ ብሎጉ ውሰዱት።

ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ቶሎ ወደ ፒንተረስት አትሮጡ። ብሎጉን በሌላ ታብ ክፈቱና ኮንትሮልን ከ"ዩ" ፊደል ጋር አብራችሁ ተጫኑ። የገጹ ኮድ ሲመጣ ታጉን ፈልጉት። ከሌለ ምናልባት ካሽ (የገጹን ቅጂ) የሚይዝ ፕለጊን አሮጌውን ገጽ እያሳያችሁ ይሆናል፤ ካሹን አጽዱት። ካለ ግን ወደ ፒንተረስት ተመለሱ፣ የብሎጉን አድራሻ ጻፉና ላኩ። መልሱ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል በየደቂቃው አትነካኩት።

አንድን ብሎግ መያዝ የሚችለው አንድ አካውንት ብቻ ነው። እምቢ ካላችሁ፣ ድሮ ከፍታችሁ የረሳችሁት አካውንት ይዞት እንደሆነ አስታውሱ። ደግሞ ታጉን ቲም ውስጥ ያስገባችሁ ሰዎች፣ ቲም የቀየራችሁ ቀን ታጉም አብሮ ይሄዳል። ያችን መስመር አዲሱ ቲም ውስጥ መልሳችሁ አስገቧት።