ደረቅ ቼክ ሲያጋጥም፦ ከባንክ መስኮት እስከ ፍርድ ቤት

ደረቅ ቼክ (በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ) የያዘ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ስላልደገፈው አይደለም። "ሰኞ አስገባለሁ"፣ "ወር ሳይሞላ እዘጋዋለሁ" ሲባል እየታገሠ ወራቱ ያልቁበታል። በቼክ ጉዳይ ትዕግሥት ዋጋ ያስከፍላል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ቼክን አልነካም። ቼክን የሚመለከተው አሁንም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የንግድ ሕግ አንቀጾችም የእርሱ ናቸው።

1. ቼኩን ሲቀበሉ በደንብ ያንብቡት

አንቀጽ 827 ቼክ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ "ቼክ" የሚለው ቃል፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፈል የሚሰጥ ትእዛዝ፣ የከፋዩ ባንክ ስም፣ የሚከፈልበት ቦታ፣ ቼኩ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ የአውጪው ፊርማ። አብዛኛው በቅጹ ላይ ታትሞ ስለሚመጣ ስሕተት የሚገኘው በእጅ በሚሞላው ክፍል ነው። በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቼክ አይቀበሉ፤ ሌላ ቅጠል ያስጽፉ።

ቀኑን በተለይ ይመልከቱ። "15/5/2017" ብቻ ተጽፎ "ዓ.ም." ከሌለበት ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጆቹ ሜይ 15 ቀን 2017? በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ በሁለተኛው ከተነበበ ቼኩ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። አውጪው ፊትዎ ሆኖ የዘመን አቆጣጠሩን ይጻፍልዎ።

ወደፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክም በሕጉ እንደቀረበ የሚከፈል ነው። ቀኑ ሳይደርስ ባንክ ቢያቀርቡት በቀረበበት ዕለት ይከፈላል።

2. ባንክ ያቅርቡና ምክንያቱን በጽሑፍ ይያዙ

ቼክ ለክፍያ መቅረብ ያለበት በስድስት ወር ውስጥ ነው (አንቀጽ 855)። ባንኩ ካልከፈለ ቼኩን ብቻ ተቀብለው አይውጡ። ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ የቼኩን ቁጥር የሚጠቅስና ያልተከፈለበትን ምክንያት በግልጽ የሚናገር ማረጋገጫ ይጠይቁ። በሂሳቡ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ባንኩ አይነግርዎትም፤ እርሱን በመጠየቅ ጊዜ አያጥፉ።

ምክንያቱ መንገድዎን ስለሚወስን ቃሉን በጥንቃቄ ያንብቡ። "በቂ ስንቅ የለውም"፣ ማለትም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም፣ የሚል ከሆነ የፍትሐ ብሔሩም የወንጀሉም በር ክፍት ነው። "ፊርማው አይመሳሰልም" ወይም "ስርዝ ድልዝ አለበት" ብቻ የሚል ከሆነ ግን አውጪው ስንቅ እንዳልነበረው ገና አልተረጋገጠም። እንዲህ ሲሆን አውጪው ወዲያውኑ አስተካክሎ እንዲጽፍ ይጠይቁና ቼኩን እንደገና ያቅርቡ።

3. ጊዜውን ያስሉ

ቼኩ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣ ነው እንበል። ለባንክ የሚቀርብበት ጊዜ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበቃል። በቼኩ መሠረት አውጪውን ለመክሰስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ስድስት ወር አለ (አንቀጽ 881)፤ ማለትም እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.። ክሱ ፍርድ ቤት መከፈት ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ሽምግልና ተቀምጠን ነበር ማለት ብቻውን ይርጋን (የመክሰሻ ጊዜውን ቆጠራ) አያቆምም። ሽማግሌ ካለም ንግግሩና ክሱ ጎን ለጎን ይሂዱ።

4. ማስጠንቀቂያ ይስጡ

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የቼኩ ቁጥር፣ የገንዘቡ ልክ፣ ባንኩ የመለሰበት ቀንና ምክንያት፣ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን። በአደራ ፖስታ ይላኩት ወይም አስፈርመው ይስጡ።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌውን ቼክ መልሶ አዲስ ሲቀበል ነው። አዲሱም ቢደርቅ የመጀመሪያው ማስረጃ ከእጁ ወጥቷል። ከፊል ክፍያ ከተቀበሉ ደረሰኝ ይስጡ፣ ቀሪውን ዕዳ አውጪው በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ፤ ቼኩን ግን እስከ መጨረሻው ብር ድረስ አይልቀቁ።

5. በአጭር ሥነ ሥርዓት ይክሰሱ

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 ልኩ የታወቀ ገንዘብ ለሚጠይቅ ከሳሽ የተለየ መንገድ ይሰጣል። ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ በማመልከቻው ላይ ይጻፉ፤ ቃለ መሐላ፣ ቼኩንና የባንኩን ማረጋገጫ ያያይዙ። ተከሳሹ እንደ መደበኛ ክስ መልስ ሰጥቶ ክርክር አይጀምርም፤ አስቀድሞ በቃለ መሐላ ተደግፎ ክሱን ለመከላከል ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ወይም ፈቃዱን ካላገኘ ይፈረድበታል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን ክስ የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። ከዋናው ገንዘብ በተጨማሪ ሕጋዊ ወለድ (በዓመት 9 በመቶ) እና ወጪና ኪሳራ ይጠይቁ። ተከሳሹ ንብረቱን እያሸሸ ከሆነ ከፍርድ በፊት እንዲከበር (በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ) ወይም እንዲታገድ አብረው ያመልክቱ፤ ባዶ እጁን በቀረ ሰው ላይ የሚገኝ ፍርድ አይፈጸምም።

ቼኩ የድርጅት ከሆነ የገንዘብ ክሱ የሚቀርበው በሂሳቡ ባለቤት በድርጅቱ ላይ ነው። ፈራሚው ሥልጣን ሳይኖረው ፈርሞ ከሆነ ግን ራሱ ይጠየቃል።

6. የወንጀል አቤቱታ

ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ በጽኑ እስራት። አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል፤ ተጠያቂው ቼኩን የፈረመው ሰው ነው። ፖሊስ ዋናውን ቼክ በማስረጃነት ሊይዘው ስለሚችል አስቀድመው ቅጂውን ያስመስክሩ፣ የተረከበበትንም ደረሰኝ ይያዙ። የወንጀል ፍርድ አጥፊውን ይቀጣል እንጂ በራሱ ገንዘብዎን አያስመልስም፤ ስለዚህ የፍትሐ ብሔሩን ክስ አያዘግዩት።

7. ዓመቱ ካለፈ

በቼኩ መክሰስ ባይቻልም ቼኩ የተሰጠበት ግንኙነት፣ ሽያጭም ሆነ ብድር፣ የራሱ ይርጋ አለው፤ በጠቅላላው 10 ዓመት ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ እንጂ በምስክር አይደለም። ለብድር ቼክ ሲቀበሉ የገንዘቡን ልክ፣ የሚመለስበትን ቀንና የቼኩን ቁጥር የያዘ አንድ ገጽ ውል በዚያው ዕለት ያስፈርሙ፤ ከቼኩ ቅጂ ጋር አያይዘውም ያስቀምጡት።