ከቢሮ ኮምፒውተር ወደ ራውተርና ስዊች በኤስኤስኤች የሚገባ ስክሪፕት እንዴት እንደሚሠራ

ዋና ቢሮው ካዛንቺስ፣ ቅርንጫፎቹ ፒያሳና ሜክሲኮ በሆነ ድርጅት ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ስዊች ቢቃጠል፣ ምትኩን ቶሎ ለማስነሳት የሚያስፈልገው የትናንቱ ኮንፊገሬሽን (የመሣሪያው ቅንብር) ነው። ከዚህ በታች አሠራሩን የምንገልጸው ስክሪፕት ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ተነስቶ የሲስኮ አይኦኤስ (የሲስኮ ራውተርና ስዊች ሥርዓተ ክወና) ያላቸውን መሣሪያዎች ኮንፊገሬሽን በየሌሊቱ ያስቀምጣል። ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ኤስኤስኤች (በተመሰጠረ ግንኙነት ከርቀት መግቢያ) እንዲቀበል ያድርጉ። ስምና ዶሜን ይስጡት፤ ከዚያ «ክሪፕቶ ኪ ጄኔሬት አርኤስኤ» ብለው የ2048 ቢት ቁልፍ ይፍጠሩ። የኤስኤስኤች ቨርዥን 2ን ብቻ ይፍቀዱ። በቪቲዋይ መስመሮቹ (ከርቀት የሚገባባቸው መስመሮች) ላይ «ሎጊን ሎካል» ካደረጉ በኋላ የቆየውን የርቀት መግቢያ ቴልኔትን ይዝጉ፤ ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። ለስክሪፕቱ የራሱ ተጠቃሚ ይክፈቱለት፤ የማን ሥራ እንደሆነ ከሎጉ ለመለየት ይረዳል።

ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ በእጅ ይግቡ። ዊንዶውስ 10 ከቨርዥን 1809 ጀምሮ የኦፕንኤስኤስኤች ክላየንት አለው። መጀመሪያ ሲገቡ የሚያሳየዎትን የሆስት ቁልፍ (መሣሪያው ማንነቱን የሚያሳይበት ቁልፍ) አሻራ፣ በኮንሶል (መሣሪያው ላይ በቀጥታ በሚሰካ ገመድ) ካዩት ጋር ሳያመሳክሩ «የስ» አይበሉ። የቆየ ስዊች የሚስማማ የሆስት ቁልፍ የለም ብሎ ከመለሰዎት፣ ምክንያቱ ኦፕንኤስኤስኤች ከ8.8 ጀምሮ በሻ-1 የሚፈረመውን የአርኤስኤ ፊርማ መከልከሉ ሊሆን ይችላል። ይህን ፊርማ የመቀበል ፈቃዱን በኮምፒውተሩ የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ለዚያ ስዊች አድራሻ ብቻ ይስጡ፤ ለሁሉም ከከፈቱት መከላከያው ከንቱ ይሆናል።

አሁን የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን ጭነው፣ በ«ፒፕ ኢንስቶል ኔትሚኮ» ስክሪፕቱ ወደ መሣሪያዎች የሚገባበትን ላይብረሪ ኔትሚኮን ያስገቡ። መግባቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ መሣሪያው መልሱን መጨረሱን ማወቅ ነው። ስዊች ገጽ በሞላ ቁጥር «ሞር» ብሎ ይቆማል፤ ይህን የማያውቅ ስክሪፕት ግማሽ ኮንፊገሬሽን ይዞ ይወጣል። ኔትሚኮ ገጽ መከፋፈሉን ራሱ ያጠፋል፣ ፕሮምፕቱ (መሣሪያው ቀጣዩን ትዕዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን የሚያሳይበት ምልክት) እስኪመለስም ይጠብቃል። ነገር ግን በኔትሚኮ 4 የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ ለሚንቀራፈፍ ቅርንጫፍ «ሪድ ታይምአውት»ን ወደ 90 ከፍ ያድርጉ። የማያውቀውን የሆስት ቁልፍም ሳይጠይቅ ስለሚቀበል «ኤስኤስኤች ስትሪክት» እና «ሲስተም ሆስት ኪስ» የሚባሉትን ሁለቱንም «ትሩ» ያድርጓቸው። ኮንፊገሬሽኑን የሚያሳየው ትዕዛዝ «ሾው ራኒንግ-ኮንፊግ» ከፍ ያለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ፕሪቪሌጅ 15 ከሌለው ስክሪፕቱ አስቀድሞ «ኢኔብል» ይበል።

የይለፍ ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍም። በፓይተኑ ላይብረሪ «ኪሪንግ» አማካይነት በዊንዶውስ ክሬዴንሻል ማናጀር (የይለፍ ቃል ማስቀመጫ) ያስቀምጡት።

እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ «ትራይ» (ስህተት ቢፈጠር ስክሪፕቱን ሳያቆም የሚይዝ የፓይተን ክፍል) ውስጥ ያስገቡ። ፒያሳ መብራት ጠፍቶ ስዊቹ ባይመልስ ስክሪፕቱ ያንን መዝግቦ ወደ ሜክሲኮ ይለፍ። የይለፍ ቃል ስህተት ከሆነ ግን ደግሞ አይሞክር፤ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል። የመጣውን መጀመሪያ በጊዜያዊ ፋይል ይያዙት፤ መጨረሻው ላይ «ኤንድ» የሚለው መስመር ካለ ብቻ በዋናው ስም ያስቀምጡት። ሲጨርሱ ግንኙነቱን ይዝጉ። የአንድ መሣሪያ ቪቲዋይ መስመሮች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ሳይዘጉ የቀሩ ግንኙነቶች ከያዟቸው እርስዎም መግባት አይችሉም።

ስክሪፕቱን በየሌሊቱ በሚያስነሳው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር 2:00 ኤኤም ብለው ሲሞሉ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ታስኩ የይለፍ ቃሉን ባስቀመጡበት የዊንዶውስ አካውንት ይሂድ፤ ኮምፒውተሩም ስሊፕ እንዳይገባ ያድርጉ።

ስክሪፕቱ ለጥቂት ሳምንታት እያነበበ ብቻ ከቆየ በኋላ ለውጥ እንዲሠራ ሊፈቅዱለት ይችላሉ። ከለውጡ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ይበል፤ ለውጡ እርስዎን ራስዎን ቢዘጋብዎት መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ዳግም ተነስቶ ወደተቀመጠው ኮንፊገሬሽን ይመለሳል። እንደገና መግባት ከቻለ በ«ሪሎድ ካንስል» ያስቁመው፣ ከዚያም ወዲያው በኔትሚኮ «ሴቭ ኮንፊግ» ለውጡን ያስቀምጥ፤ ያልተቀመጠ ለውጥ ያለው ራም ላይ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።