ፎቶው መስመር ሲያወጣ፣ ፊቱ አረንጓዴ ሲሆን፦ ሪፊል ቀለም ለሚጠቀም የቤት ፎቶ ፕሪንተር ችግርና መፍትሄ

ፎቶው መስመር መስመር ሆኖ ወጣ? ቀይ ጠፋ? የሰው ፊት አረንጓዴ መሰለ? መጀመሪያ እጃችሁን ከሄድ ክሊኒንግ ላይ አንሱ፤ ቀለም የሚተፋውን ክፍል (ሄዱን) ፕሪንተሩ ራሱ እንዲያጸዳ የሚያዘው ትእዛዝ ማለት ነው። ብዙ ሰው ክሊኒንግ ይጫናል፣ ካልተስተካከለ ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ በመጨረሻ «ሪፊል ቀለሙ ነው የገደለው» ብሎ ይደመድማል። ከሌላ አምራች ተገዝቶ የሚሞላው ይሄ ቀለም ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን እዚህ ባሕር ዳር ፕሪንተር በብዛት የሚበላሸው መብራት ድንገት ስለሚሄድ፣ ሳይሠራ ረጅም ጊዜ ስለሚቀመጥና የማይሆን ወረቀት ስለሚገባበት ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ኖዝል ቼክ አውጡ፤ የሄዱ ቀዳዳዎች ሁሉ ቀለም መትፋታቸውን በመስመሮች የሚያሳይ የመፈተሻ ገጽ ነው። የሚፈጀው ቀለም ከቁጥር አይገባም። ክሊኒንግ ግን ቀለም ከታንኩ (ከቀለም ማጠራቀሚያው) ስቦ ወደ ቆሻሻ ቀለም ስፖንጅ ነው የሚደፋው። የወጣውን ወረቀት በቀን ብርሃን እዩት። ቢጫው በነጭ ወረቀት ላይ በደንብ አይታይም፣ በሰማያዊ ላስቲክ አሻግራችሁ ብታዩት ጠቆር ብሎ ይለያል።

መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ከሆኑ ሄዱ ደህና ነው፣ ክሊኒንግ አትንኩ። አንድ ቀለም ላይ ጥቂት ክፍተት ካለና ደግማችሁ ስታወጡም ክፍተቱ እዚያው ቦታ ከሆነ የደረቀ ቀለም ዘግቶታል። ክፍተቱ በየጊዜው ቦታ የሚቀይር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አየር ገብቷል ማለት ነው። ይሄን ልዩነት ያዙት፣ መፍትሄያቸው አንድ አይደለም።

መስመር ወይም የጠፋ ቀለም፣ ክፍተቱ ቦታ ሳይቀይር

ምክንያቱን ለመረዳት ፕሪንተሩ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። በራሱ ማጥፊያ ስታጠፉት ሄዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄዶ ጎማ ጠርዝ ባላት ክዳን ላይ ይቀመጣል። ክዳኗ አየር እንዳያገኘው ትይዘዋለች። ፎቶ እያተመ መብራት ከሄደ ግን ሄዱ መንገድ ላይ፣ ወረቀቱ መሃል፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መብራት ማታ ሄዶ ጠዋት ከመጣ እነዚያ ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲደርቁ አድረዋል። ዲቫይደሩን ከግድግዳ መንቀልም ውጤቱ ያው ነው። ሁልጊዜ በፕሪንተሩ ቁልፍ አጥፉ፣ የፕሪንተሩ መብራት ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ።

መብራት እያተማችሁ ከሄደ፣ ሲመለስ ወዲያው አብርታችሁ መልሳችሁ በቁልፉ አጥፉት። ሄዱ ቦታው ይገባል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) ካላችሁ ደግሞ ለዚህ ሥራ ትበቃለች፤ የቤት ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚተፋ ፕሪንተር) ሲያትም የሚወስደው ኃይል በአብዛኛው ከ20 ዋት በታች ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን እዚያች ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፣ እሱ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ መፍታት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀትና ደረቅ አየር ቀለምን ቶሎ ያተናል፣ ሐይቁ አጠገብ መኖር ከዚህ አያድንም። በጥር ሠርግና ጥምቀት ሲያትም የከረመ ፕሪንተር በጾሙ ወራት ተረስቶ ለፋሲካ ሲከፈት የሚዘጋው ለዚህ ነው። በሳምንት አንዴ ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ፎቶ በተራ ወረቀት አትሙ። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ማተም ሌሎቹን ቀለሞች አያንቀሳቅስም።

አሁን የተዘጋውን እንክፈት። አንድ ክሊኒንግ፣ ከዚያ ኖዝል ቼክ። መሻሻል ካለ ድገሙ። 3 ጊዜ ደርሶ ካልተስተካከለ አቁሙና ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ተዉት። ኤፕሰንም ለታንክ ፕሪንተሮቹ የሚመክረው ይሄንኑ ነው። በእረፍቱ የደረቀው ቀለም በአዲሱ ይለሰልሳል፣ ትናንሽ አረፋዎችም ይወጣሉ። ጠዋት ሳይነካ የተስተካከለ ብዙ አለ።

ካልሆነ የክዳኗን ስፖንጅ እዩ። በደረቀ ቀለም ከተለጠፈች ሄዱን በደንብ አትገጥመውም፣ ስለዚህ ክሊኒንጉም መሳብ አይችልም። ሄዱን ወደ ግራ አንሸራትታችሁ በስፖንጇ ላይ ጥቂት ጠብታ የተጣራ ውሃ አድርጉ፣ የጎማውን ጠርዝ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፣ ሄዱን መልሳችሁ አሳድሩት። የተጣራ ውሃ የመኪና ዕቃ መሸጫ «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ታገኛላችሁ። ሲሰጧችሁ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ሁለቱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ራሱ ይዘጋል። በሲሪንጅ ኃይል ሰጥቶ ሄዱ ውስጥ መግፋትን አልመክርም፤ የውስጡ ማሸጊያ ከፈነዳ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፣ ያኔ መመለሻ የለውም።

ክፍተቱ ቦታ የሚቀያይር፣ ወይም አንድ ቀለም መሃል ላይ እየደበዘዘ የሚጠፋ

ይሄ አየር ነው። ታንኩ ከታችኛው መስመር በታች ወርዶ ከሆነ ቱቦው አየር ስቧል። ፕሪንተሩ ተዘንብሎ ተጓጉዞ ከሆነም እንደዚያው። በአንዳንድ የቆዩ ታንክ ሞዴሎች ጎን ላይ የማጓጓዣ መቆለፊያ አለ፣ እሱ ተዘግቶ ከቀረ ቀለም አያልፍም፤ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ምንም ወጪ የለውም።

ታንኮቹን ሙሉ፣ ፕሪንተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይደር። ካልበቃው ፓወር ክሊኒንግ የሚባለው አለ፣ ቱቦው ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ ይቀይራል። ለዚህ እያንዳንዱ ታንክ ቢያንስ ሲሶው መሞላት አለበት፣ ካልሆነ ራሱ አየር ይስብና ነገሩን ያብሳል። በሁለት ፓወር ክሊኒንግ መሃልም 12 ሰዓት ይፈልጋል።

የካኖን ጂ ሲሪስ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባችሁ። የኤፕሰን ሄድ ቀለሙን በመግፋት ነው የሚተፋው፣ የካኖንና የኤችፒ ግን በሙቀት አፍልቶ ነው። ቀለም ሳይደርሰው ከሞቀ ይቃጠላል። አንድ ቀለም እንደጠፋ እያያችሁ «ይሄን ብቻ ልጨርስ» አትበሉ። በጎ ጎኑ የካኖን ጂ ሄድ ወጥቶ በሌላ ይቀየራል።

ኖዝል ቼኩ ሙሉ ነው፣ የፎቶው ቀለም ግን ልክ አይደለም

እዚህ ላይ ነው ሪፊል ቀለም በእውነት የሚጠየቀው። ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተሩን የሚያዘው ፕሮግራም) ቀለም የሚመጥነው ለኦሪጅናሉ ነው። የሌላ አምራች ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ) ትንሽ ከጠነከረ ፎቶው ሁሉ ይቀላል። ይሄን በክሊኒንግ ማስተካከል አይቻልም።

መጀመሪያ ድራይቨሩ ላይ የመረጣችሁት የወረቀት ዓይነት ካስገባችሁት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ግሎሲ (አንጸባራቂ) ፎቶ ፔፐር አስገብቶ «ፕሌን ፔፐር» (ተራ ወረቀት) ብሎ ማተም የተለመደ ነው፣ ውጤቱም የደበዘዘና መስመር ያለው ፎቶ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ማን እያስተዳደረ እንደሆነ እዩ። ፎቶሾፕ ካስተዳደረ ድራይቨሩ ላይ ማስተካከያው ይጥፋ። ሁለቱም ሲያስተካክሉ ፊት ይቀላል፣ ጥላ ይጠቁራል።

ከዚያ አንድ የመፈተኛ ፎቶ ምረጡ። የእኔ ምርጫ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ጥላ ያረፈበት ፎቶ ነው። የነጠላው እጥፋት ላይ ያለው ግራጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፣ የሰው ቆዳም አብሮ ይታያል። ጣናን ግን መለኪያ አታድርጉ፤ በክረምት ደፍርሶ ቡናማ ነው፣ ሰማያዊ ለማድረግ ስትታገሉ የሌላውን ሁሉ ታበላሻላችሁ። በትንሽ በትንሹ አስተካክሉና ለየወረቀቱ ሴቭ አድርጉት። ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ይሄን ሥራ እንደገና ትሠራላችሁ፣ ስለዚህ አንድ ጥሩ ቀለም ካገኛችሁ በርካሽ አትለውጡት። የተለያየ አምራች ቀለም አንድ ታንክ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ በተለይ ዳይ (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም) እና ፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ ቅንጣት ያለው ቀለም) ሲገናኙ ሊረጉና ሄዱን ለዘለቄታው ሊዘጉት ይችላሉ።

ባለ 6 ቀለም ፕሪንተር ላይ ፊት ወደ አረንጓዴ ካደላ ላይት ማጀንታዋን (ፈዛዛዋን ማጀንታ) እዩ። ኖዝል ቼክ ላይ ፈዛዛ ስለሆነች ጠፍታም ሳትታወቅ ታልፋለች።

ቀለሙ አይደርቅም፣ በጣት ይነሳል

ወረቀቱ የሌዘር ሊሆን ይችላል። የሌዘር ግሎሲ ቀለም አይመጥም። ወይም በጀርባው ገብቷል፤ ጣታችሁን ትንሽ አርጥባችሁ ጥጉን ንኩ፣ የሚያጣብቀው ጎን ነው የሚታተምበት። ጥቁሩ ብቻ ከተነሳ ደግሞ ጥቁሩ ፒግመንት ነው፣ እንደ ካኖን ጂ2010 ያለው፤ ለተራ ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግሎሲ ላይ ግን አይይዝም። የወረቀቱን ዓይነት በትክክል ስትመርጡ ፕሪንተሩ ጥቁሩን ከሌሎቹ ቀለሞች ይሠራዋል።

ክረምት ላይ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ሁለት ሁለት ይገባል

ከሰኔ እስከ መስከረም ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ደግሞ ይብስባቸዋል። ፎቶ ፔፐሩን ትሪው ላይ አታሳድሩ። የምታትሙትን ያህል አውጡ፣ የቀረውን አየር በማያስገባ ላስቲክ መልሱ። ከማስገባታችሁ በፊት በእጅ አራግቡት። ወረቀቱ ከተንሸራተተ ሮለሩን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ።

«ሰርቪስ ሪኳየርድ» ብሎ ቆመ

የቆሻሻ ቀለም ስፖንጁ ሞልቷል ብሎ ቆጥሯል። የሞላውም በአብዛኛው በክሊኒንግ ነው። ስፖንጁ ይቀየር፣ ከዚያ ቆጣሪው ሪሴት ይደረግ። ስፖንጁን ሳይቀይር ሪሴት ብቻ የሚያደርግላችሁ ባለሙያ ቀለም ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲፈስ ነው የተወላችሁ። ከየትም የወረደ የሪሴት ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ አትጫኑ፣ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ሥራችሁ ፎቶ ከሆነ ባለ 6 ቀለም ታንክ ግዙ፤ ኤፕሰን ኤል805 ወይም አዲሱ ኤል8050፣ ትልቅ ወረቀት ካስፈለጋችሁ ኤል1800። ላይት ሲያን (ፈዛዛ ሰማያዊ) እና ላይት ማጀንታ ፊት ላይ ያለውን ለስላሳ ሽግግር ነጠብጣብ ሳያሳዩ ያወጡታል። አልፎ አልፎ ጉርድ ፎቶና የልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ከሆነ ኤል3250ን የመሰለ ባለ 4 ቀለም ይበቃል። ታንክ በሌለው ፕሪንተር ላይ ካርትሪጅ (የሚነቀል የቀለም ዕቃ) በስቶ ቱቦ መቀጠልን ተዉት። ያ ዘዴ የተስፋፋው ታንክ ያለው ፕሪንተር ሳይኖር ነው፤ ኤፕሰን በ2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካወጣ ወዲህ ምክንያት የለውም።

ያገለገለ ስትገዙ ዓይናችሁ እያየ ያትምላችሁ። ቱቦዎቹ ውስጥ አረፋ ካለ፣ ሻጩም ምን ቀለም ሲጠቀም እንደነበረ ካላወቀ እለፉት። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ታንኩ ተከድኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከሰው አጠገብ ይምጣ። የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ የአየር ግፊቱ ስለሚለዋወጥ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተኛ ፕሪንተር ቀለሙን ካርቶኑ ውስጥ ደፍቶ ነው የሚደርሰው።

ፎቶው ከጥቂት ወራት በኋላ ገረጣ

ዳይ ቀለም ፀሐይና አየር ይበላዋል፣ ርካሹን ደግሞ ቶሎ። ለደንበኛ የምታትሙ ከሆነ ይሄን በግልጽ ንገሩት፣ የሠርግ ፎቶ ነውና። ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ፣ ከመስታወት ጀርባ ይሰቀል፣ ወይም አልበም ይግባ። ከመታሸጉ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ አለበለዚያ ትነቱ መስታወቱን ከውስጥ ያጨፈግገዋል።