ክሮሚየም ጨምሬም ያልዳነው ቱቦ

ሙቅ የጨው ውሃ የሚያልፍበት የ316ኤል ስቴንለስ ቱቦ ማንጠባጠብ ጀመረ። ስንፈታው ላዩ ያብረቀርቃል። ጋስኬቱ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ሥር ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ። አንዷን በቀጭን ሽቦ ብነካት ሽቦው ጠልቆ ገባ።

መጀመሪያ በየድነው። ከብየዳው አጠገብ ተበሳ። ከዚያ ወፍራም ቱቦ አስገባን፤ ያው ነው፣ ትንሽ ዘገየ እንጂ። ቀጥሎ «ክሮሚየሙ ይብዛ» ብዬ 310 ወደሚባለው ስቴንለስ ሄድኩ። 25 በመቶ ክሮሚየም ያለውን ምን ይነካዋል? ተነካ! 310 የሚመረጠው ለከፍተኛ ሙቀት ነው፤ የጨው ውሃውን ክሎራይድ የሚቋቋምበት ሞሊብዲነም የለውም።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ብረቱ መበሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየውን ቁጥር (PREN) ያሰላሁት፤ ከፍ ሲል ይሻላል። የክሮሚየሙ መቶኛ፣ ሲደመር 3.3 ጊዜ ሞሊብዲነም፣ ሲደመር 16 ጊዜ ናይትሮጅን። 316ኤል 24 ገደማ መጣ፣ 310 ደግሞ 25 ገደማ። ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ነጥብ! 2507 ሱፐር ዱፕሌክስ የሚባለው ስቴንለስ ግን ከ40 ያልፋል፤ ክሮሚየሙ ያው 25 ሆኖ 4 በመቶ ሞሊብዲነም አለው።

በሱ ቀየርነው። በቀጣዩ ፍተሻ ጋስኬቱ ሥር ምንም የለም። ስትበይዱት ብቻ አትቸኩሉ፤ ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳይወርድ ቀጣዩን የብየዳ ድርብ አትጀምሩ።