ምንሽሩ ኢላማ መሳት ሲጀምር

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ አፈሙዝ ወደ ሰው አለማዞር፣ ፈቃድ ማሳደስ፤ ይሄን ሁሉ ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። የምጽፈው ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰውን ምንሽር (አሮጌውን የጦር ጠመንጃ) ይዞ «ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ዘንድሮ ምን ነካው?» ለሚል ሰው ነው። ደሴ ላይ እኔ ጋ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው። ክላሽም አልፎ አልፎ ይመጣል።

ጥይቱ አንድ ላይ ያርፋል፣ ግን ሁሌም ወደ አንድ ጎን

መሣሪያው ጤነኛ ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ወድቆ ወይም ተመትቶ ዞሯል። በድንጋይ እየመታችሁ አትመልሱት። የሚያውቅ ሰው በልኩ ይግፋላችሁ።

በበጋ ደህና፣ ክረምት ሲገባ ሌላ ቦታ

እንጨቱ ነው። የደላንታና የወረኢሉ ጉም ቀልድ አያውቅም። በርሜሉን የያዘው እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው እንጨት በርሜሉን ይገፋል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ እንጂ ምድጃ ዳር አታስጠጉት፤ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ አጠጡት። ቡለኖቹንም አጥብቁ። ቅቤ የምትቀቡ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ተዉ። አይጥ ነው የምትጠሩት።

ወደ ላይና ወደ ታች ይበተናል

ጥይቱ ነው። የቀለሃውን ግርጌ ገልብጣችሁ እዩት። ፋብሪካና ዓመተ ምህረት ተመትቶበታል። ከየአገሩና ከየዘመኑ የተለቃቀመ ጥይት አንድ ዝናር ውስጥ ከትታችሁ አንድ ቦታ ይረፍልኝ ማለት አይሆንም። የባሩዱ መጠንና ዕድሜ ሲለያይ ፍጥነቱ ይለያያል፣ ርቀት ሲጨመር ልዩነቱ ይጎላል። ውጭ አገር ለውድድር ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች ባሩዱን በአንድ አሥረኛ ግሬን ይመዝናሉ፤ 6.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሚዛን አላቸው፣ የፋብሪካ ሠንጠረዥ አላቸው፣ ለየባሩዱ ዓይነት ልክ አላቸው።

እኛ ጋ «የተሞላ» እየተባለ የሚሸጠው ይሄ አይደለም። አንገቱ ላይ የጉጠት ጭረት፣ ግርጌው ላይ የተጨፈለቀች መለኮሻ (ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ካያችሁ አትግዙ። በነፃም ከሰጧችሁ አትውሰዱ። ምን ባሩድ እንዳለበት የሞላው ሰው ራሱ አያውቅም። ባሩዱ ካነሰ እርሳሱ (ከቀለሃው ተለይቶ የሚበረው ጫፍ) በርሜል ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ድምፁ ከሳሳና ሰደፉ ትከሻችሁን በወጉ ካልገፋ እዚያው አቁሙ፤ በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳታዩ ሁለተኛ አትተኩሱ። ሁለተኛው በርሜሉን ይቀደዋል። ከፊቱ ያለው እጃችሁና ዓይናችሁ ነው።

በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል

ወደ ዋናው መጣን። እኔ ጋ የሚመጣው ችግር አብዛኛው ይሄ ነው። ባለቤቱ «ማነጣጠሪያው ነው» ይላል። አይደለም። በርሜሉ ከውስጥ ዝጓል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቀለሃው ግርጌ መሃል ያለችው መለኮሻ በአሮጌ የጦር ጥይቶች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አላት። ስትቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ትተዋለች፤ የወጥ ጨው የሥጋ ዘመድ ማለት ነው። ይህ ጨው በርሜሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከዚያ ዝገት። አብዛኛው ክላሽ በርሜሉ ውስጡ ክሮም ስለተለበጠ ይቋቋመዋል። አሮጌ ምንሽር ግን ክሮም የለውም።

አንድ ሽማግሌ ከኩታበር ይዘው መጡ። ውጪው ያበራል። «ልጄ፣ ወላሂ በተኮስኩ ቁጥር በናፍጣ አጥበዋለሁ» አሉኝ። ነጭ ጨርቅ አሳልፌ አወጣሁ፤ እንደ ሻይ ቀልሟል። «አባባ፣ ጥፋቱ ናፍጣው ላይ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። በሁለት ብርጭቆ ናፍጣና ውሃ አቀረብኩና ቁንጥር ቁንጥር ጨው ጨመርኩ። አማሰልነው። ከውሃው ጠፋ። ናፍጣው ውስጥ ግን ጨው እንዳለ ከሥር ተኝቷል። ዝም ብለው አዩትና «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሳጥብ ኖሬ ነው?» አሉ። ቅባት ጨው አያሟሟም። ቤንዚንም፣ የሞተር ዘይትም ያው ነው። እንዲያውም ጨዉን ከሥር ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

ሌላው ከሰርግ ማግስት የመጣ ጎረምሳ ነው። ወደ ሰማይ ሲያርከፈክፍ አምሽቶ (ያ እርሳስ ተመልሶ የሰው ጭንቅላት ላይ እንደሚወርድ የሚነግረው የለም) ጠመንጃውን ሳያጥብ በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ሲፈታው በርሜሉ ውስጥ ያለው፣ እርሳሱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ቡናማ ሆኗል። ፌስታል ላብ ያስልባል። የቆዳ ማህደርም እንደዚያው።

መፍትሄው ፈላ ያለ ውሃ ነው፤ በተኮሳችሁበት ቀን፣ ሳይታደር። መቀርቀሪያውን አውጡ። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ከኋላ አፍስሱ። አሮጌ ጀበና ጥሩ ማፍሰሻ ነው። የቡናው ጀበና አይደለም፣ በኋላ ቤት ውስጥ ጠብ ይነሳል። ደሴ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ለጨው ግን ይበቃል። ውሃው እንጨቱ ውስጥ እንዳይሰርግ ተጠንቀቁ። የጋለው በርሜል ራሱን በራሱ ያደርቃል። ቢሆንም ደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ አመላልሱበት። የመቀርቀሪያውን ፊት አትርሱ፤ እዚያም ጨው አለ። ክላሽ ከሆነ የጋዝ ቱቦውና ፒስተኑም ይታጠባሉ። መጨረሻ ላይ ስስ ዘይት።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና ነጭ ጨርቅ አሳልፉ። ቡናማ ከወጣ ጨው ቀርቷል፣ ከውሃው ጀምሩ። ከመተኮሳችሁ በፊት ዘይቱን ጥረጉ። ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ቦታ ይጥለዋል፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ ግፊቱን ያንራል።

በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ አሉ። ዝገቱን ከነቦዩ ነው የሚያወጡት። በፌሮ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ከፊት በኩል የሚሰብቁም አሉ፤ እነዚህ ያናድዱኛል። እርሳሱ መጨረሻ የሚለቀው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው። ጠርዙ በአንድ ጎን ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና እርሳሱን ያዛንፈዋል። ከኋላ መወልወል እየተቻለ ከፊት አትግቡ። የተበላ ጠርዝ በሞረድ አይስተካከልም፤ ልኩ የሆነ መቁረጫ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል።

ዝገቱ ጠልቆ ጉድጓድ ከሠራ ግን አይመለስም። እጠቡት፣ ዘይት ቀቡት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ቃታው ተስቦ ካልፈነዳ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ቀለሃው አንገቱ ላይ ከተሰነጠቀ ናሱ አርጅቷል። ከዚያ ዘመን የቀረውን አትተኩሱት።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ረዘም ካለ፣ እርሳሱ በጎኑ እየበረረ ነው። ወይ ቦዩ አልቋል፣ ወይ እርሳሱ የዚያ በርሜል አይደለም። 7.92 የሚባለው ጥይት ራሱ ሁለት ዓይነት እርሳስ ነበረው፤ የቀድሞው 8.07፣ የኋለኛው 8.20 ሚሊሜትር ውፍረት። ወፍራሙ ለቀጭኑ በተሠራ አሮጌ በርሜል ሲተኮስ ግፊቱ አደገኛ ነው። በርሜሉ ሳይለካ አንድም አትተኩሱ።