ሲስተም ሪስቶር ፋይሌን ይመልስልኛል ብዬ ነበር

ማክሰኞ ማታ ነው። አንድ መጽሐፍ እየተረጎምኩ 212ኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ዴስክቶፕ ላይ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ፎልደሮች ነበሩኝ፤ አንዱ የድሮው፣ አንዱ አሁን የምሠራበት። የድሮውን ላጥፋ ብዬ ሺፍት ይዤ ዲሊት ተጫንኩ። ዊንዶውስ "እስከመጨረሻው ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀ። እጄ ቀደመኝ። የቀረውን ፎልደር ስከፍት ያገኘሁት ከወራት በፊት የተውኩትን ረቂቅ ነው። ክው አልኩ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ባደረግሁት ነገር ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ሲስተም ሪስቶርን ከፈትኩ። ከሦስት ቀን በፊት የተቀመጠ ሪስቶር ፖይንት፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የዚያን ቀን ሁኔታ የተያዘበት ቅጂ፣ አለ። በዚያ ቀን ፋይሌ ነበረ፤ ኮምፒውተሩ ወደዚያ ቀን ከተመለሰ ፋይሉም አብሮ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሪስቶር ፖይንቱ በተቀመጠ ማግስት የጫንኩት የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም ጠፍቷል። ፋይሌ ግን የለም።

ሲስተም ሪስቶር የሚመልሰው ማሽኑን ነው። የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች፣ ሬጂስትሪውን (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን መዝገብ)፣ ድራይቨሮችን (እንደ ፕሪንተር ያሉ ዕቃዎችን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡትን) እና የተጫኑ ፕሮግራሞችን ቀድሞ ወደነበሩበት ሁኔታ ይወስዳል። አዲስ የፕሪንተር ድራይቨር ጭናችሁ ኮምፒውተሩ ቢታመም ደህና መድኃኒት ነው። ሰነድ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ኢሜይል ግን አይነካም። አይነካም ማለት አያጠፋም፣ አይመልስምም ማለት ነው። አንድ መጠንቀቂያ አለ፦ የምታስጀምሯቸውን ፋይሎች፣ ማለትም የፕሮግራም መጫኛዎችንና ስክሪፕቶችን (ኮምፒውተሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉባቸውን ፋይሎች)፣ በግል ፎልደራችሁ ውስጥ ቢሆኑም ሊነካ ይችላል። ራሳችሁ የጻፋችሁት ስክሪፕት ካለ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ከመጀመራችሁ በፊትም "የሚነኩ ፕሮግራሞችን ፈልግ" የሚለውን ተጫኑ፤ የትኞቹ እንደሚሄዱ በዝርዝር ያሳያችኋል። እኔ ይህን አልተጫንኩም ነበር።

ሌላው ገደብ ቦታ ነው። ሪስቶር ፖይንቶች የሚቀመጡት ከዲስኩ በተመደበላቸው መጠን ውስጥ ነው። ቦታው ሲሞላ አሮጌዎቹ እየተሰረዙ ለአዲሶቹ ይለቃሉ። ስለዚህ ካለፈው ዓመት የተቀመጠ ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ሲስተም ሪስቶር ከመጀመሪያውም አልበራም። ፋይል ከጠፋ በኋላ ማብራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የሚመዘግበው ከበራበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው።

እና ፋይሉ ሲጠፋ ምን ይደረግ? መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። ይህን ለማስረገጥ የፈለግሁበት ምክንያት አለ። ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ ይዘቱን ወዲያው አያጠፋውም። በአንድ ትልቅ መጋዘን መዝገብ ላይ የአንድ ጆንያ መስመር እንደተሰረዘ ቁጠሩት። ጆንያው እቦታው አለ። መዝገቡ ግን ቦታውን ባዶ ይለዋል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ እላዩ ላይ ይጫናል፤ ያኔ አለቀ። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ዊንዶውስ አንድ ነገር ይጽፋል። ብራውዘር ይጽፋል። አፕዴት ይጽፋል። እኔ ደግሞ ሲስተም ሪስቶር አስኬጄ በዚያው ዲስክ ላይ ብዙ ፋይል አስጻፍኩ። ለማዳን የሞከርኩትን ነገር በገዛ እጄ ደፈንኩት።

የጠፋው ፋይል ያለበት ዲስክ ዊንዶውስ የተጫነበት ከሆነና ነገሩ ከባድ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩን ዝጉና ዲስኩን አውጥታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንደ ተጨማሪ ዲስክ አገናኙት። ወይም በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን በሚያስነሳ፣ ፍላሽ ላይ ባለ ሊኑክስ ግቡ። ያን ጊዜ የራሱ ዊንዶውስ ምንም ነገር አይጽፍበትም።

ግን ከዚያ በፊት ቀላሎቹን ቦታዎች ማየት ይገባል። ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካላችሁ ደመና (ኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ) ላይ ያለውን በዚያ ፈልጉ። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል 30 ቀን በመጣያው ያቆየዋል። ዋንድራይቭም ለግል አካውንት 30 ቀን ነው፤ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት አካውንት ከሆነ 93 ቀን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሪሳይክል ቢንም እዩ። እዚያ የሚገባው ግን ሁሉም ነገር አይደለም። በሺፍት የተሰረዘ አይገባም። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘም ብዙ ጊዜ አይገባም። ከቢኑ መጠን የሚበልጥ ትልቅ ቪዲዮም እንዲሁ በቀጥታ ይሄዳል።

የጠፋው ሴቭ ያልተደረገ የወርድ ጽሑፍ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ወርድ ራሱ በየ10 ደቂቃው ለክፉ ቀን የሚሆን ቅጂ ያስቀምጣል። ፋይል፣ ቀጥሎ ኢንፎ፣ ቀጥሎ ማኔጅ ዶክዩመንት ግቡ። እዚያ "ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ" የሚል አለ። አትዘግዩ፤ እነዚህ ቅጂዎች ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚቆዩት።

ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ፕሪቪየስ ቨርዥንስ" የሚለውን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ይህንንና ሲስተም ሪስቶርን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የተምታታብኝ እኔም ብሆን ከዚህ ነው። እዚህ የሚታየው ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ከፋይል ሂስትሪና ከሪስቶር ፖይንት። ፋይል ሂስትሪ የፋይሎችን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው፤ ቀደም ብሎ በርቶ ከነበረ ፋይላችሁን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ሪስቶር ፖይንቱ ላይ ግን አትመኩ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በሲ ድራይቭ ላይ የሚከታተለው ለሲስተሙ የሚያስፈልገውን ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የመፈለጊያ ፕሮግራሞች አሉ። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ ነፃ ነው፤ ግን ትእዛዝ በመጻፍ ነው የሚሠራው። ሬኩቫ በመስኮትና በአዝራር ስለሚሠራ ለጀማሪ ይቀላል። ፎቶሬክ ደግሞ ነፃ ነው፤ ከፍላሽ ላይም ይሠራል። በየትኛውም ብትሄዱ ሁለት ነገር አትርሱ። ፕሮግራሙን ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ አትጫኑት። የተገኘውንም እዚያው ዲስክ ላይ ሴቭ አታድርጉት።

የታናሽ እህቴን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ በፎቶሬክ ነበር ያዳንኩት። ካሜራው ላይ ሳታስበው ፎርማት አድርጋዋለች። ደውላ ስታለቅስ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ካርዱን አውጪው፣ አንድም ፎቶ እንዳታነሺበት"። ሰምታኛለች። ፎቶሬክ መዝገቡን ትቶ ዲስኩን ከጥግ እስከ ጥግ ያነባል፤ የእያንዳንዱን ፋይል ዓይነት በአጀማመሩ ያውቀዋል። ሦስት ሰዓት ወሰደ። 640 ፎቶ ወጣ። ሠላሳ ያህሉ ግማሻቸው ግራጫ ሆነው ቀሩ። የፋይል ስምና የፎልደር ስም አይመለስም፤ ሁሉም በቁጥር ተሰይመው ነው የመጡት። ደግነቱ የተነሱበት ቀንና ሰዓት ፎቶው ውስጥ ስለሚቀመጥ በዚያ ደረደርናቸው።

የእኔ ፋይል ለምን በዚህ መንገድ አልመጣም? የላፕቶፔ ዲስክ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ ዓይነት፣ ስለሆነ ነው። በድሮው ዓይነት፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ያ ጆንያ ሳይነካ ብዙ ሊቆይ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል ትእዛዝ አለ። ዊንዶውስ ከ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፋይል ሲሰረዝ "ይህ ቦታ አያስፈልግም" ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል። ዲስኩ በራሱ ጊዜ ቦታውን ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም ቢያነበው የሚያገኘው ዜሮ ነው። ሬኩቫ የፋይሌን ስም ሳይቀር አሳየኝ፤ ስከፍተው ግን ውስጡ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም ለመግዛት አትቸኩሉ። የሌለን ነገር ማንም አያወጣም።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ የአካል ጉዳት ነው፤ በፕሮግራም አይድንም። በበራ ቁጥር ሊብስበት ይችላል። ንቀሉትና ውስጡ የማይተካ ነገር ካለ በዚህ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ስጡ። ራሳችሁ ክዳኑን እንዳትከፍቱ፤ ትንሽ አቧራ ዲስኩን ይጎዳዋል።

የእኔን ትርጉም ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ከ11 ቀን በፊት ለአርታኢዬ በኢሜይል የላክሁት ፋይል ነበር፤ 171 ገጽ። የቀረውን 41 ገጽ እንደገና ተረጎምኩ። ስለዚህ የላካችሁትን ኢሜይልና ቴሌግራም ሳትፈትሹ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ፋይል ሂስትሪን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አብርቼዋለሁ። ዲስኩ እስከተሰካ ድረስ በየሰዓቱ የተለወጠውን ይገለብጣል። ከሥራ በኋላ ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢመጣ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ስለሚቆልፍ። ደመና ላይም ሌላ ቅጂ አለኝ። ደመናውን ብቻውን አላምነውም፤ እዚህ የሰረዝኩት እዚያም ይሰረዛል። በወር አንድ ቀን ከዲስኩ ላይ አንድ ፋይል መርጬ ወደ ሌላ ፎልደር መልሼ እከፍተዋለሁ። የላፕቶፔ ዲስክ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ስለሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁልፍም ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ያለ እሱ ዲስኩን አውጥቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ባገናኘውም አይከፈትልኝም። ወረቀቱ ያለው ከላፕቶፑ ርቆ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።