አይጡ ስለዋኘ ብቻ «ድባቴን ያክማል» አትበሉ

ድሬዳዋ ላይ የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩ የፋርማኮሎጂ ተማሪዎችን አግዛለሁ። ብዙዎቹ አንድ የአካባቢ ዕፅ ይዘው፣ ድባቴን ያክም እንደሆነ አይጥ ላይ ሊፈትሹ ይመጣሉ። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። አንዱ ስህተት ግን አሁንስ በዛ።

ፖርሶልትና ባልደረቦቹ በ1977 ያወጡትን የመዋኛ ፈተና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አይጡ መውጫ በሌለው የውሃ ዕቃ ውስጥ መጀመሪያ ይታገላል፣ ኋላ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። የድባቴ መድኃኒት የመንሳፈፊያውን ጊዜ ያሳጥራል። ተማሪው ታዲያ ጊዜው ማጠሩን ሲያይ ወዲያው «መድኃኒት አገኘሁ» ብሎ ይጽፋል። አቦ፣ ቀስ በሉ! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉት የአንጎል ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል፣ እንደ አነቃቂው አምፌታሚን። የመረቀነ ሰው አርፎ ሲቀመጥ አይታችኋል? አይጡም ያው ነው። የሚያነቃቃ ነገር ሁሉ መንሳፈፉን ሊቀንሰው ይችላል፤ ድባቴ ግን አልታከመም።

አንድ ተማሪ በጣም የሚያምር ግራፍ ይዞልኝ መጣ። «ኦፕን ፊልድ ላይስ?» አልኩት፤ አይጡ ክፍት ሳጥን ውስጥ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካበትን ፈተና ማለቴ ነው። አልሠራውም። በዚያው መጠን ሰጥተን ክፍት ሳጥኑ ውስጥ ስንለቃቸው አይጦቹ ከጥግ ጥግ ይሮጡ ጀመር። መመረቂያው ሲደርስ የጽሑፉን ርዕስ መቀየር ግድ ሆነበት። ልጁ አሳዘነኝ። የመዋኛ ውጤታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ፈተና ሥሩ፣ በቃ።

ሌላው፣ መንሳፈፍን ብቻ መቁጠር ነው። በትልቁ የላብራቶሪ አይጥ ላይ መዋኘትና ግድግዳ መቧጠጥ ለየብቻ ይመዘገባሉ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ፣ ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠራ የድባቴ መድኃኒት መዋኘቱን ይጨምራል። ኖራድሬናሊን ላይ የሚሠራው ዴሲፕራሚን ደግሞ መቧጠጡን። ሁለቱን «እንቅስቃሴ» ብላችሁ ከደመራችኋቸው ዕፁ በየትኛው መንገድ እንደሠራ የሚጠቁመውን ምልክት በእጃችሁ አጠፋችሁት።

«በሴሮቶኒን በኩል ነው የሚሠራው» ለማለትም ይህ ብቻውን አይበቃም። ሴሮቶኒን እንዳይመረት ፒሲፒኤ በተባለው ኬሚካል አግዱና ፈተናውን ድገሙት። ውጤቱ ከጠፋ ያኔ እንነጋገራለን።

ውሃው ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። የድሬ ቧንቧ ቀትር ላይ ምን ያህል የሞቀ ውሃ እንደሚያወርድ ታውቃላችሁ፤ ቴርሞሜትር ሳትከቱ አትጀምሩ።

በጅራት ማንጠልጠያ ፈተና (አይጡ በጅራቱ ተሰቅሎ ዝም የሚልበት ጊዜ በሚለካበት) ሲ57 የሚባለውን የአይጥ ዝርያ አትጠቀሙ፤ ጅራቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል።

የአንድ ቀን መርፌ ውጤት ይዛችሁም ስለ ሕክምና አታውሩ። ሰው ላይ ፍሉኦክሰቲን ሳምንታት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሴሮቶኒን ሲጨምር፣ በሴሮቶኒን ነርቮች ላይ ያሉት 5ኤችቲ1ኤ ተቀባዮች የነርቮቹን ሥራ ይገቱታል፤ ይህ ልጓም የሚላላው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ዕፁን ለሁለትና ሦስት ሳምንት በየቀኑ እየሰጣችሁ ድገሙት። የአይጦቹን ቀለብና የቤታቸውን ቅዝቃዜም ለዚያ ያህል ጊዜ አስቀድማችሁ አስቡበት።